የካርቱኑ ጥግ የት ሄደ?

ጎንደርና አካባቢዋ ያለን ሰዎች ስለ ሥዕልና ስለ ኅትመት በምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር፣ ማለትም በአንድ ርእስ ሥር የሚቀጣጠል ውይይት፣ ተከፍቶ በአምስት ቀን ውስጥ 26 መልስ ተሰጥቶበታል። ሦስቱ መልሶች በኋላ ስለተሰረዙ፣ ዘግይቶ የሚገባ አንባቢ የነገሩን ውል እንዳያጣው የተባለውን በራሴ አነጋገር በየቁጥሩ አስቀምጣለሁ። ከተወያዮቹ አንዱ እኔም ስለሆንሁ ሚዛኔ ወዴት እንደሚያዘነብል አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ክሩን የከፈቱት ጡረታ ከወጡ ዓመታት ያስቆጠሩ የታሪክ መምህር ናቸው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ቁጥር 34 ከወጣ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ውስጥ የፖለቲካ ካርቱን ያለባቸውን ገጾች እየለዩ በአንድ የሳሙና ካርቶን ሲያጠራቅሙ እንደኖሩ፣ ካርቶኑም ዛሬ ድረስ አልጋቸው ሥር እንዳለ በመግለጽ ይጀምራሉ። ከእነዚያ ገጾች አንዱን ባወጡ ቁጥር ሩብ ሰዓት ያህል ሳያዩት አይመልሱትም። የልጅ ልጃቸው በስልኩ በከፈተላቸው የፖለቲካ ካርቱን ድረ ገጽ ላይ ግን ሃያ ያህል ሥዕሎችን በሁለት ደቂቃ አልፈው ስልኩን እንደመለሱለት፣ ማታ ሊተኙ ሲሉም አንዱን እንኳ ማስታወስ እንዳቃታቸው ጽፈዋል። ገጹን በፎቶ ቤት መስኮት ላይ ከተደረደረ ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር አመሳስለውታል። የሥዕሎቹ ደረጃ ከድሮዎቹ እንደማያንስ ከመሰከሩ በኋላ፣ የደከመው የእርሳቸው ዓይን ይሁን ወይስ የገጹ አሠራር ይሁን ጥፋተኛው ብለው ጠይቀው፣ የራሳቸው ግምት ወደ ሁለተኛው እንደሚያደላ አስታውቀዋል።

1ኛው መልስ የመጣው ድረ ገጽ በመሥራት ከሚተዳደር ወጣት ነው። መምህሩን ጋሼ እያለ በትሕትና ካመሰገነ በኋላ፣ ብዙዎቹ ገጾች ሥዕሎችን በዝርዝር ሲያሳዩ እያንዳንዱን ከመካከሉ በካሬ ቅርጽ እንደሚቆርጡት፣ ይህንንም የሚያደርገው ሰው ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ እንደሆነ አስረዳ። የካርቱን ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ጥግ ላይ ነው። በምሳሌነት ያነሣው እንግሊዛዊው ጄምስ ጊልሬይ እ.ኤ.አ. በ1805 ያወጣውን ዝነኛ ሥዕል ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት በግራ፣ ናፖሊዮን በቀኝ በአንድ ገበታ ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ያለውን የምድርን ሉል የሆነ ፑዲንግ በየፊናቸው ይቆርሳሉ። ይህ ሥዕል ከመካከሉ በጠባብ ካሬ ቢቆረጥ የሚተርፈው ከሞላ ጎደል ፑዲንጉ ብቻ ነው፤ ተሻሚዎቹ ከገበታው ጠፍተዋል። እኔም በስልኬ ሞክሬው ልክ እንዳለው ሆኖ አገኘሁት፤ የቀረልኝ ፑዲንግና ሁለት የተሰነዘረ እጅ ነበር።

2ኛው መልስ አጭር ነው፤ ጸሐፊው በነገሩ ከመስማማቱ ሌላ አንድ ሥዕል አጉልቶ ለማየት ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር የውርርድ ማስታወቂያ እንደሚከፈትበት አማርሯል።

3ኛውን መልስ የጻፈችው በፋሲል ግቢ አካባቢ ለጎብኚዎች ብራና ላይ ሥዕል እየሠራች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ክሩ መልክ የያዘው ከእርሷ በኋላ ይመስለኛል። መነሻዋ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የገባ ሰው ፊት ለፊት በምሥራቁ ግድግዳ ሥላሴንና ስቅለቱን በትልቁ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወደ ጎኖቹ ሄዶ ተራ በተራ የተደረደሩትን ታሪኮች ይከተላል፤ ማን ማን እንደሆነም በግእዝ የተጻፈው ይነግረዋል። ግድግዳው ትልቁንና ትንሹን፣ ፊተኛውንና ኋለኛውን ለይቶ ስለሚያሳይ ተመልካቹ ከየት ልጀምር ብሎ አይቸገርም። ድረ ገጹ ግን ሁሉንም እኩል ስላደረገ አንዱም ዓይን አይጠራም ብላ ታምናለች። አያይዛም በአገራችን የሥዕል ልማድ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ኃጢአተኛውና ሰይጣኑ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አስታውሳ፣ የፊቱ አቅጣጫ ብቻ ፍርድ የሚሰጥበት ይህ ዘዴ ከካርቱኒስት ሥራ ጋር ዝምድና እንዳለው ተናገረች።

4ኛው መልስ ሰጪ ዲያቆን እንደሆነ ከአጻጻፉ ይታወቃል። የሁለት ዓይንና የአንድ ዓይን ነገር ልማድ እንጂ የማይጣስ ሕግ እንዳልሆነ፣ ደጋጎቹም ፊታቸውን ዘወር አድርገው የሚሣሉበት ጊዜ እንዳለ አርሟት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቅዱስ ሥዕልን ከፌዝ ሥዕል ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ እንዳሳዘነው ገለጸ። እርማቱ ትክክል ነው፤ ቅሬታውን ግን ሠዓሊዋ በደንብ የተረዳችው ይመስለኛል፣ መልስ ስትሰጥም ወንድሜ ብላ በማለሳለስ የዘመድነት ሳይሆን የዘዴ ነገር ማንሣቷ እንደነበር አብራርታለች። ከእርሷ መልስ በፊት ግን 5ኛው ተሳታፊ ቀድሞ የሚያስቸግር ጥያቄ አቀረበላት፤ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣራ እኮ በተርታ በተደረደሩ፣ መጠናቸው እኩል በሆነ የመላእክት ፊቶች የተሞላ ነው፤ ጋሼ ያማረሩበትን ጉርድ ፎቶግራፍ መስሎ ሳለ ስለ ምን ማንም አልሰለቸውም ብሎ ጠየቃት። በ6ኛው መልስ ሠዓሊዋ የጻፈችውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጣራው አንድ በአንድ እንዲነበብ አልተሠራም፤ እዚያ የሚያየው ሰው አይደለም፣ የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ካርቱን ግን ሰው ሊያየው፣ ሊፈታውም የተሠራ ስለሆነ በጣራ ሕግ መደርደር የለበትም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ውጭ አገር ተሻገረ። 7ኛው ተሳታፊ የቶማስ ናስትን ታሪክ ተረከ። ናስት እ.ኤ.አ. በ1871 የኒው ዮርክን ከተማ ይዘርፍ የነበረውን የፖለቲካ አለቃ ዊልያም ትዊድን በሥዕል አሳድዶታል፤ ትዊድም ደጋፊዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ የጋዜጣ ጽሑፍ እንደማያስጨንቀው፣ ሥዕሉ ግን እንዳስጨነቀው ተናገረ ይባላል። ከእስር አምልጦ ወደ ስፔን ከሸሸ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1876 የተያዘው በናስት ካርቱን መልኩ ተለይቶ ነው። ጸሐፊው ሥዕሎቹ የወጡት በኒው ዮርክ ታይምስ እንደሆነ አድርጎ ስለጻፈ 8ኛው መልስ ቆፍጠን ብሎ አረመው፤ ጋዜጣው የምዝበራውን ሒሳብ አጋለጠ እንጂ ካርቱኖቹ የወጡት ሃርፐርስ ዊክሊ በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው። አራሚው በዚህ ሳያበቃ፣ የመጽሔቱ ሳምንታዊነት ለመምህሩ ጥያቄ መልስ እንደሚሆን ጨመረ፤ አንድ ሥዕል በአንድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰባት ቀን ይሰነብት ነበርና። ዛሬ ግን በቀን አሥር ሥዕል የሚለጥፍ ገጽ እያንዳንዱን ሥዕል በሚቀጥለው ያስገፋዋል።

9ኛው ተሳታፊ ካርቱን ለማለት ካርቶን ብሎ በመጻፉ ሁለት ሰዎች ስቀውበት ነበር፤ 10ኛው ግን ከሳቁ ታድጎታል። ሁለቱም ቃላት ወፍራም ወረቀት ከሚለው የጣሊያንኛው ካርቶኔ የመጡ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ካርቱን የሚለው ስም የፌዝ ሥዕል መጠሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1843፣ ለእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ ግድግዳዎች የተዘጋጁ ካርቱን የሚባሉ ትልልቅ ንድፎች ለሕዝብ ሲታዩ፣ ፐንች የተባለው መጽሔት እያሾፈ የጆን ሊችን ሥዕል በዚያው ስም ስላወጣው ነው። ስለዚህ መምህሩ ካርቱናቸውን በካርቶን ማስቀመጣቸው ከትውልድ ቤቱ አለማስወጣታቸው ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ፒያሳን ፒያሳ ብለን የምንጠራ ሰዎች በጣሊያንኛ ቃል ልንገረም እንደማይገባ አከለ።

11ኛው መልስ የእኔ ነው። ስኳር ከየሱቁ በጠፋበት አንድ ሰሞን፣ አንድ ሰው በክር የታሰረች የስኳር አንኳር ሲኒው ውስጥ ነክሮ ካወጣ በኋላ መልሶ ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ሲሰቅላት የሚያሳይ ካርቱን በስልኬ ደረሰኝና ሳልውል ሳላድር ለቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን አስተላለፍሁት። የዕለቱን ሁኔታ የሚገልጽ ብርቱ ሥዕል ነው የሚል ማብራሪያም ጨመርሁበት። አጎቴ ብዙም ሳይቆዩ ሙሉውን ሥዕል ከሌላ ቦታ አምጥተው ላኩ፤ ከታች በቀኝ ጥግ ከሠዓሊው ፊርማ ሥር ያለው ቀን ሥዕሉ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ መሆኑን ይመሰክራል። ስክሪን ሾት ያነሣው ሰው ያንን ጥግ ቆርጦት ኖሯል። ሥዕሉ አልዋሸም፤ ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ዛሬም ስኳር ስጠይቅ ክሩ የታል እባላለሁ። በመልሴ ያቀረብሁት ሐሳብ ቀኑ ከሥዕሉ ውጭ ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ፣ ለመቁረጥ በማይመች ቦታ እንዲጻፍ ነው።

ቀን ይጻፍ ከተባለ ማብራሪያስ የሚለው ጥያቄ ተከተለ። 12ኛው ተሳታፊ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። በየሥዕሉ ሥር አንድ አንቀጽ ፍቺ የሚያስቀምጡትን ገጾች፣ ሰሙን ገና ሳያሰማ ወርቁን ከሚያወጣ ባለቅኔ ጋር አነጻጽሮ፣ አድማጩ ራሱ ያልደረሰበት ወርቅ ደስታ እንደሌለው ጻፈ። በዚህ ላይ 13ኛዋ ተሳታፊ ተቃውሞ አቀረበች። የመምህሩን ካርቶን የመሰለ ስብስብ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሳይታ፣ አብዛኞቹ በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉትን ባለ ሥልጣናት በመልክም በስምም ሳይለዩአቸው እንደቀሩ ተናገረች። ቅኔ እንኳ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ዝም ያለ ድንጋይ ነውና፣ ሥዕሉ የተሣለበትን ድርጊት በአንድ መሥመር መግለጽ፣ ትርጉሙን ግን ለተመልካቹ መተው እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበች። ባለቅኔውም ይህን ያህል ቢሆን እንደማይቃወም አምኗል። በክሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተከራክረው በአንድ ነገር የተስማሙት እዚህ ቦታ ብቻ ነው።

14ኛው መልስ ከአዘዞ የተላከ ነው፤ ቁጣውም ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይሰማል። ጸሐፊው ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የሰነበተበትን ጊዜ አስታውሶ፣ አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላም ፓኬጅ በሜጋባይት እየቆጠረ የሚገዛ ሰው ስለ ግድግዳና ስለ ጣራ ውበት የሚያወራበት ትርፍ ጊዜ የለውም ሲል ሁላችንንም ገሠጸ። አንድ የካርቱን ገጽ ሲከፍት የመጀመሪያው ሥዕል ሳይታየው ያልጠየቃቸው ሁሉ ተጭነው ፓኬጁ እንዳለቀበት ገልጿል። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ነገሩ እውነት ነው፤ ማንም የማይደርስበት ገጽ አቀማመጡ ቢያምር ባያምር ለውጥ የለውም።

15ኛው መልስ የ1ኛው ወጣት ነው። ቁጣውን በቁጣ ሳይመልስ መፍትሔውን ዘረዘረለት። በቀለምና በመሥመር የተሠራ ካርቱን ለፎቶግራፍ በተፈጠረው ጄፔግ በተባለ የፋይል ዓይነት ሲቀመጥ በየመሥመሩ ዙሪያ ትቢያ የመሰለ ብናኝ ያወጣል፤ ቀለሞቹ ተቀንሰው በፒኤንጂ ቢቀመጥ መሥመሩ ጥርት ይላል፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በኮምፒውተር የተሣለ ከሆነ ደግሞ በኤስቪጂ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ይህ ዓይነት መሥመሩን በነጥብ ሳይሆን በልኬት ስለሚይዝ የቱንም ያህል ቢጎላ አይደበዝዝም። ገጹም ተመልካቹ የደረሰበትን ሥዕል ብቻ እንጂ ከታች ያለውን ሁሉ ቀድሞ እንዳይጭን ማድረግ ቀላል ነው። አንድ ሌላ ነገርም ጨምሯል። በገጸ ባሕርያቱ አፍ ላይ የሚጻፈው ፊደል የሥዕሉ አካል ስለሆነ በፍለጋ አይገኝም፣ ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ ሊያነብለት አይችልም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መለያ ውስጥ ከገባ ወዲህ ያንኑ ንግግር ከሥዕሉ ጀርባ በጽሑፍ ማስቀመጥ የሚከለክል ነገር የለም፤ የሚያደርገው ግን አላየሁም ብሏል። የአዘዞው ሰው ለዚህ መልስ ምስጋናውን በአንድ ቃል ጻፈ፤ እንደ 16ኛ መልስ ተቆጥሮለታል።

17ኛው ተሳታፊ የገጹ ባለቤት ማን ነው የሚለውን አነሣ። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2019 ጀምሮ በዓለም አቀፍ እትሙ የዕለት ፖለቲካ ካርቱን ማውጣት አቁሟል፤ የጋዜጣው ጥግ እየጠበበ ሲሄድ ለካርቱኒስቱ የሚቀረው የራሱ ድረ ገጽ ነው። በሌላ ሰው መደብር የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማሳየትም ማርክ ፊዮሬን ጠቀሰ። ፊዮሬ በኢንተርኔት ብቻ በሚወጡ ተንቀሳቃሽ ካርቱኖቹ እ.ኤ.አ. በ2010 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ከሽልማቱ በፊት ግን አፕል የታወቁ ሰዎችን ያፌዝባቸዋል በሚል የፊዮሬን መተግበሪያ አልቀበልም ብሎት ነበር፤ ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ነው የተቀበለው።

18ኛው መልስ ስለ ማኅደር ነው፤ ለእኔ ከቴክኒኩ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይህ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ካርቱኒስት ዛፒሮ የአገሩን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማን ሲሥል ከራሱ በላይ የሻወር ቧንቧ ይተክልለታል። ምክንያቱ ዙማ እ.ኤ.አ. በ2006 በነፃ በተሰናበተበት ክስ ችሎት ላይ፣ የኤችአይቪ አደጋን ለመቀነስ ከግንኙነት በኋላ ሻወር መውሰዱን መናገሩ ነው። ቧንቧው ለዓመታት ተከትሎታል። ከመካከሉ የገባ ተመልካች ግን ሰውየው ለምን ቧንቧ እንደበቀለበት በምን ያውቃል? ፈረንሳዊው ሻርል ፊሊፖንም እ.ኤ.አ. በ1831 የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ፊት በአራት ደረጃ ወደ ፒር ፍሬ ሲለውጥ ላላየ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ በየሥዕሉ የሚመጣው ፍሬ ፍሬ ብቻ ነው። ጸሐፊው በዓመት ከመደርደር ይልቅ ከእያንዳንዱ ተደጋጋሚ ምልክት ሥር ያ ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወጣበት ሥዕል የሚያደርስ መንገድ እንዲቀመጥ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖር እኔ ሌሊቱን ሙሉ አልነሣም ነበር።

19ኛው በካርቱን ሥር የሚሰጥ አስተያየት ሁሉ እንዲዘጋ ሐሳብ በማቅረቡ ክሩ ተበላሸ። ሥዕሉ ስለ ባለ ሥልጣን ሆኖ ሳለ ሥሩ ያለው ጠብ የትውልድ ቦታ ጠብ ይሆናል ባይ ነው። 20ኛው ይህን ፍርሃት ብሎ ነቀፈ፤ ነቀፋው ሲያይልም የመምህሩን ካርቶን የሽማግሌ ትዝታ ብሎ አጣጣለው። 21ኛውና 22ኛው የመምህሩ ተማሪዎች የነበሩ ይመስሉኛል፤ በየኔታቸው የተነገረውን በስድብ መለሱ። የመድረኩ አስተናባሪ ሦስቱንም ሰረዛቸው። ሳይሰረዙ አንብቤአቸዋለሁ፤ የጎደለብን ነገር የለም።

መምህሩ በ23ኛው መልስ ሲመለሱ ስለ ስድቡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ያደረጉትን ነው የተረኩት። የልጅ ልጃቸውን ስልክ በካርቶን ላይ አጋድመው ዙሪያውን በእርሳስ ከለሉት፤ ያንኑ በምላጭ ቀደው የስልክ ስፋት ያለው መስኮት አወጡለት። ከዚያ የሚወዱትን የድሮ ጋዜጣ ካርቱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ካርቶኑን ከላይ ደፉበትና በቀዳዳው እያዩ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሱት። አንድ ጊዜ ጆሮ፣ አንድ ጊዜ ጫማ፣ አንድ ጊዜ ግማሽ ቃል ታያቸው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰለቻቸው። ሩብ ሰዓት ያዩት የነበረው ያው ወረቀት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥፋቱን በገጹ ላይ ብቻ መጫናቸው ልክ እንዳልነበር አመኑ። ደግሞ ልጁ አንዲት ሥዕል ብቻ ከፍቶ፣ ስልኩን አጋድሞ፣ ሌላውን ሁሉ ደብቆ ሲሰጣቸው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዳዩአት ጽፈዋል።

24ኛው የወጣቱ ሦስተኛ መልስ ሲሆን፣ ከዚህ ተነሥቶ ለመስኮቱ የሚስማማ ገጽ ምን እንደሚመስል አስቀመጠ። ሠዓሊዋ እንዳለችው እንደ ምሥራቁ ግድግዳ የሳምንቱ አንድ ሥዕል በሙሉ ስፋቱ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ሌሎቹ ሳይቆረጡ አንሰው ከሥሩ ይከተሉ፤ አዲስ የሚሣል ካለም ለስልክ ቁመት ይሣል ብሏል።

25ኛው መልስ ፒያሳ አካባቢ ታፔላ በመጻፍ ከሚተዳደር ሰው የመጣ ሥዕል ነው። በነጭ ወረቀት በቀለም ሠርቶ፣ በረንዳ ጥላ ውስጥ በስልኩ ፎቶ አንሥቶታል፤ የአውራ ጣቱ ጫፍ በግራ በኩል ይታያል። ሥዕሉ ከካርቶን ውስጥ በቀዳዳ የሚያዩ ሽማግሌን ያሳያል፤ ከካርቶኑ ውጭ በግራና በቀኝ ባለ ካሬ ፊት ሰዎች ተሰልፈው፣ ሁሉም በሁለት ዓይናቸው ወደ እርሳቸው ይመለከታሉ። ዲያቆኑ በ26ኛው መልስ ሁለት ነገር አመለከተ፤ በቀዳዳው የሚታየው የሽማግሌው ዓይን አንድ ብቻ በመሆኑ በልማዱ መሠረት መምህሩ ከኃጢአተኞች ወገን መቆጠራቸውንና፣ ሥዕሉ ላይ ቀን አለመጻፉን።

ታፔላ ጸሐፊው ሌላ መልስ አልጨመረም፤ ሥዕሉን ብቻ በዚያው ቦታ ለወጠው። ቀዳዳውን አስፍቶ ሁለተኛውን ዓይን አስገብቷል፣ ከታች በቀኝ ጥግም በታፔላ ፊደል ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፏል። ዛሬ ጠዋት የመድረኩን መግቢያ ስከፍት ሥዕሉ ከክሩ ርእስ ጎን በትንሹ ተለጥፏል፤ ሥርዓቱ ከመካከሉ በካሬ ስለቆረጠው የሚታየው ካርቶኑና ሁለቱ ዓይኖች ናቸው፣ ሰዎቹና ቀኑ የሉም።